የአስም መድኃኒቶች፦ እንዴት ይሠራሉ፣ እንዴት ይወሰዳሉ፣ ምን ያስከትላሉ

የአስም መድኃኒት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። አንዱ ወገን የተጨማደደውን የአየር ቧንቧ ያላላል፣ ሌላው ወገን ያበጠውን ያበርዳል። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ታማሚው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ወይም «ልቤን አስጨነቀኝ» ሲል፣ ነገሩ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ የሚያላላውን በሚያበርደው ቦታ ተጠቅሟል፣ አለዚያም መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ቀርቶ ሳንባው አልደረሰም።

ይህ መመሪያ ሐኪም አይቷቸው «አስም ነው» ለተባሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው፣ ይልቁንም የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለው፣ ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ከመግዛቱ በፊት አክታውን ለቲቢ ያስመርምር።

ቧንቧው ውስጥ የሚሆነው

አየር ወደ ሳንባ የሚገባባቸው ቧንቧዎች ዙሪያቸውን በቀጭን ጡንቻ የተጠመጠሙ ናቸው። አስም ያለበት ሰው ቧንቧው «ዛሬ ደህና ነኝ» በሚልበት ቀን ጭምር በመጠኑ ያበጠና ቶሎ የሚቆጣ ነው። የዕጣን ወይም የከሰል ጭስ፣ ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ የሚነሳ አቧራ፣ ጉንፋን፣ የሐረር የኅዳር ንጋት ብርድ ሲነካው ጡንቻው ይጨማደዳል፤ ግድግዳው ይበልጥ ያብጣል፤ ወፍራም አክታ ይሞላዋል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ አየር በጠበበው ቀዳዳ ሲሾልክ የሚሰማ ነው። ጡንቻውን በደቂቃዎች ማላላት ይቻላል። እብጠቱና አክታው ግን ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋሉ።

እጅዎ ላይ ያለው የትኛው ነው?

«ሰማያዊው» እና «ቡናማው» እያሉ መለየት የተለመደ ነው። የሚያላላው ሳልቡታሞል ብዙ ጊዜ በሰማያዊ፣ የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን በቡናማ ቀፎ ይመጣል። ነገር ግን ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና አይመኑት፤ በብረቱ ጣሳ ላይ የተጻፈውን ስም ያንብቡ፣ ማንበብ ካልቻሉ ፋርማሲስቱ ቀፎው ላይ «በየቀኑ» ወይም «ሲያፍን» ብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍልዎ። ለአረጋውያንም ለልጆችም ከቀለሙ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ሳልቡታሞል፣ ፈጣኑ ማስታገሻ

ብዙ ሰው ቬንቶሊን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። በቧንቧው ጡንቻ ላይ ያሉትን ቤታ-2 የሚባሉ ተቀባዮች ይነካና ጡንቻውን ያላላል። በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እብጠቱን ግን ፈጽሞ አይነካም። ስለዚህ እሱን ብቻ እየነፋ የሚኖር ሰው ውስጥ ውስጡን እብጠቱ እየከፋ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂና ታዳጊ ታማሚ በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም የሚመክረው ለዚህ ነው። በዓመት 3 ጣሳና ከዚያ በላይ የጨረሰ ሰው ለከባድ ሕመም፣ በወር አንድ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት ጭምር ያለው አደጋ ይጨምራል። አደጋው የሚመጣው ካልታከመው እብጠት ነውና ጣሳ መቁጠር ራሱን የቻለ ምርመራ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱ፦ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ትር ትር ይላል፣ ራስ ምታትና የባት ቁርጠት ሊመጣ ይችላል። ተመሳሳይ ተቀባዮች በእጅ ጡንቻ፣ በደም ሥርና በልብ ላይም ስላሉ ነው። በተለመደው መጠን ሲወሰድ አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። በብዛት ሲወሰድ ግን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፤ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እናስላ። አንድ ፓፍ፣ ማለትም አንዴ ሲጫኑት የሚወጣው፣ 100 ማይክሮ ግራም ነው። አንዱ የሳልቡታሞል ክኒን 4 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 4,000 ማይክሮ ግራም፣ ይይዛል። ክኒኑ የ40 ፓፍ ያህል መድኃኒት አለው ማለት ነው፤ ያውም በሆድ አልፎ በደም ዞሮ ነው ሳንባ የሚደርሰው፣ ለመጀመርም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ መጨረሻ ላይ ለደረሰ ሰው ነው፣ ክኒኑ ይሻላል» የሚለው ወሬ ነገሩን ገልብጦታል። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ይበልጥ የሚያንቀጠቅጠው ክኒኑና ሽሮፑ ነው።

ፓፍ አወሳሰድ

1. ክዳኑን ይክፈቱ፤ አፉ ውስጥ የገባ ነገር እንደሌለ ይዩ። ቦርሳ ውስጥ ክዳኑ ወልቆ የከረመ ፓፍ ሳንቲም ወይም ጨርቅ ሊገባበት ይችላል።
2. ከ5 እስከ 10 ጊዜ በደንብ ይነቅንቁት። ብዙዎቹ ፓፎች ውስጥ መድኃኒቱና ገፊው ጋዝ ይለያያሉ፤ ካልተነቀነቀ አንዱ ፓፍ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ይሆናል።
3. አዲስ ከሆነ ወይም ከሳምንት በላይ ካልተነካ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ያህል (ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ፓፍ) ወደ አየር ይንፉ።
4. ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይቁሙ። ትንፋሽዎን እስኪያልቅ ቀስ ብለው ያውጡ፤ ወደ ፓፉ ውስጥ ግን አይተንፍሱ።
5. አፉን በጥርስዎ መካከል አድርገው በከንፈርዎ ግጥም ያድርጉ። ምላስዎ ከስር ይሁን።
6. በአፍዎ በቀስታ መሳብ ይጀምሩና፣ እየሳቡ ሳለ አንዴ ይጫኑ። መሳቡ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ይቀጥል።
7. 10 ሰከንድ ትንፋሽዎን ይያዙ፤ ካቃተዎ የቻሉትን ያህል።
8. ሁለተኛ ፓፍ ከታዘዘ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይጠብቁ፣ እንደገና ይነቅንቁ፣ ይድገሙ።

የሚበላሸው ስድስተኛው ላይ ነው። ቀድሞ የተጫነ እንደሆነ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ዘግይቶ የተጫነ እንደሆነ ሳንባው ቀድሞ በአየር ተሞልቷል። በኃይል መማግም አይረዳም፤ ቅንጣቶቹ ፈጥነው ስለሚመጡ በጉሮሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። በዱቄት መልክ የሚመጡት መሣሪያዎች ግን የተገላቢጦሽ ናቸው፦ ዱቄቱን የሚያነሳው የእርስዎ ጉልበት ነውና በፍጥነትና በጥልቀት ይሳባሉ፣ አይነቀነቁም። ሁለቱንም ዓይነት የያዘ ሰው ያምታታቸዋል፤ ቢቻል አንድ ዓይነት እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

የሃይላንድ ጠርሙስ ስፔሰር

መጫንና መሳብን ማስማማት ላቃተው ሰው፣ ለልጅ፣ በሕመም ጊዜ ደግሞ ለማንም ሰው፣ ስፔሰር ያስፈልጋል። በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ ነው፤ ትልልቆቹ ቅንጣቶች እዚያው ቀርተው ደቃቆቹ ወደ ሳንባ ይገባሉ። ፋርማሲ ካጡ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ ተሞክሮ ከሚሸጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሰጥቷል።

ጠርሙሱን ያጥቡ፣ ክዳኑን ይጣሉ። ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ፣ ማለትም ሞላላ አድርገው፣ ያጥፉ። ሽቦውን በፒንሳ ይዘው በከሰል ያግሉትና የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ጥቂት ሰከንድ በመጫን ቀዳዳ ያውጡ። ፕላስቲኩ ሳይቀዘቅዝ የፓፉን አፍ ያስገቡበት፤ ራሱ ይገጥማል። አየር የሚያስወጣ ክፍተት ከቀረ በፕላስተር ይዝጉት። ሥራውን ደጅ ላይ፣ ታማሚው በሌለበት ያድርጉት፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ጭስ ራሱ አስም ይቀሰቅሳል። ቀዳዳው ከሰፋ ጠርሙሱን ይጣሉና ሌላ ይሥሩ፣ ዋጋው ምንም ነው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ነክረው ያውጡና፣ ሳያለቀልቁ፣ በጨርቅም ሳይወለውሉ በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። የተወለወለ ደረቅ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል፤ ስስ የሳሙና ሽፋን ግን ያንን ያስቀራል። በየሳምንቱ እንዲሁ ያድርጉ። አፍ የሚነካውን ጠርዝ ብቻ በንጹሕ ውኃ ይጥረጉ።

አጠቃቀሙ፦ ፓፉን ነቅንቀው ይግጠሙ፣ የጠርሙሱን አንገት በከንፈር ይያዙ፣ አንድ ፓፍ ብቻ ይጫኑ፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በዝግታ እዚያው ውስጥ ይተንፍሱ። ሁለት ሦስት ፓፍ አከታትሎ መንፋት ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ይባክናል። ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጭንብል ያስፈልገዋል። እያለቀሰ የሚወስድ ልጅ ሳንባ የሚደርሰው መድኃኒት ጥቂት ነው፤ እቅፍ አድርገው ያረጋጉት።

የሚያበርደው፦ ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድ

እነዚህ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ናቸው። ሴሎች እብጠት የሚጠሩ ኬሚካሎችን እንዳያመርቱ ያደርጋሉ። ሥራቸው ዛሬ አይታይም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ይጀምራል፣ ሙሉ ጥቅሙ ለመታየት ወራት ሊፈጅ ይችላል። «ነፋሁት፣ ምንም አላለኝም» ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም ትልቁ ስህተት ነው። ደህና ሲሆኑ በራስ ማቆምም እንዲሁ፤ ደህና የሆኑት እየወሰዱት ስለሆነ ነው።

አፍና ጉሮሮ ላይ የቀረው መድኃኒት ነጭ የፈንገስ ቁስልና የድምፅ መጎርነን ያመጣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከወሰዱ በኋላ ውኃ ይጉመጥመጡ፣ ይትፉት፣ አይዋጡት። ጠዋትና ማታ ጥርስ ከመቦረሽ በፊት መውሰድ ሁለቱን ሥራ ያገናኛል። ስፔሰርም ጉሮሮ ላይ የሚቀረውን በጣም ይቀንሳል። ልጆች ላይ ቁመትን በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊያሳጥር እንደሚችል ታይቷል፤ ወላጅ ይህን ማወቁ ተገቢ ነው፣ ነገር ግን ሌሊቱን ሲያፍነው የሚያድር ልጅ የሚያጣው ከዚያ ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ሴትም ፓፏን ማቆም የለባትም፤ ለፅንሱ የሚከፋው የእናት ኦክስጅን ማጣት ነው።

ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል አንድ ላይ ያሉበት ፓፍ ከተገኘ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ፎርሞቴሮል ቧንቧውን በፍጥነት ያላላል፣ ወደ 12 ሰዓት ይቆያል። የ160/4.5 ማይክሮ ግራም መጠን ያለውን አዋቂ ሰው በቀን ከ12 ፓፍ በላይ መውሰድ የለበትም። ሳልሜቴሮል የተባለው ሌላው የሚያላላ መድኃኒት ግን ቀስ ብሎ የሚጀምር ስለሆነ ለድንገተኛ መታፈን አይሆንም፤ ያለ ስቴሮይድ ለብቻውም ለአስም አይወሰድም።

ፕሬድኒሶሎን

ለከባድ መባባስ የሚሰጥ የስቴሮይድ ክኒን ነው። ለአዋቂ የተለመደው በቀን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው፤ በ5 ሚሊ ግራም ክኒን ቢሆን 40ው 8 ፍሬ ማለት ነው። ታማሚዎች ብዛቱን አይተው ይደነግጡና ሁለት ሁለት እያሉ ቀኑን ሙሉ ይከፋፍሉታል። አይከፋፈልም። ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ማታ ከወሰዱት እንቅልፍ ይነሳል። ሥራ የሚጀምረው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነውና እስከዚያ የሚያቆየው ሳልቡታሞል ነው።

በአጭር ጊዜ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ ጠባይ ይለዋውጣል፣ ስኳር ከፍ ይላል፤ የስኳር ሕመምተኛ በእነዚያ ቀናት ስኳሩን ደጋግሞ ይለካ። ለሳምንት የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም ይችላል። ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደ ግን ድንገት ማቆም የለበትም፤ ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ፣ ኮርቲዞልን፣ ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ድካም፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውደቅ ይመጣል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ያለ ማዘዣ «ያቺን ትንሿን ክኒን» እያሉ በየወሩ መግዛት ነው። ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ዓይን ሞራ ይጋርዳል፣ የተኛ ቲቢ ይነሳል። በዓመት ሁለቴ ፕሬድኒሶሎን ያስፈለገው ሰው የሚያበርደው ፓፍ አልተስተካከለለትም ማለት ነውና ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

ቴኦፊሊንና አሚኖፊሊን፤ ከጫትና ቡና ጋር

እነዚህ ቧንቧን የሚያላሉ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ርካሽ ስለሆኑ እስካሁን ይሸጣሉ፤ ቴኦፊሊን ከኤፌድሪን ጋር የተቀላቀለበት ክኒንም አለ። ችግራቸው የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን መቀራረባቸው ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የልብ መምታት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው፤ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ለተቅማጥ የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ እንዲሁም አንቲባዮቲኩ ኤሪትሮማይሲንና የጨጓራው መድኃኒት ሲሜቲዲን በደም ውስጥ ያለውን ቴኦፊሊን ከፍ ያደርጉታል። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲንና ሲጋራ ይቀንሱታል፤ ሲጋራ ያቆመ ሰው ስለዚህ በለመደው መጠን ሊመረዝ ይችላል።

ለዚህ አገር ሰው ዋናው ቀጥሎ ያለው ነው። ካፌይንና ቴኦፊሊን የአንድ ቤተሰብ ኬሚካሎች ናቸው። የሐረር ቡና ብቻ ሳይሆን ከቅጠሉ የሚፈላው ቁጢም፣ ከገለባው የሚፈላው ሆጃም ካፌይን አላቸው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ጫት፣ ቡና፣ ቴኦፊሊን ክኒንና ሳልቡታሞል በአንድ ከሰዓት ሲደራረቡበት ልቡ ቢዘል አያስገርምም። ወቀሳው ግን ሁልጊዜ ለፓፉ ነው። በተዘጋ ክፍል የሚጨሰው ዕጣን፣ ሲጋራና ሺሻ ተጨምሮበት መታፈኑ ይመጣል፤ ፓፍ ይነፋል፤ ልብ እንደገና ይዘላል።

ተዉ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ለማይተው ሰው ቢያንስ ይህ ይጠቅማል፦ ቴኦፊሊን ወይም ኤፌድሪን ያለበት ክኒን በወሰዱበት ቀን አይቃሙ፤ የሚቃሙበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፤ ጭሱ ደጅ ይውጣ። ለሳንባ ምች አሞክሲሲሊን ከታዘዘልዎ ከቃሙ 2 ሰዓት በኋላ ይውሰዱት፤ ጫት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል።

ሙቀት፣ ብርድ፣ ቆጠራ

አብዛኛው ፓፍ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባጃጅ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከፍ ባለ መደርደሪያ አያስቀምጡ፤ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። ቤቱ ውስጥ ዝቅ ያለና ጥላ ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከውኃ እንስራው አጠገብ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ይሻላል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናትና ንጋት ላይ ጣሳው ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይደክማል፤ ለአንድ ደቂቃ በመዳፍ ይያዙት።

የተለመደው ጣሳ 200 ፓፍ ይዟል። ጋዙ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ስለሚወጣ «ገና ይተፋል» ማለት አለ ማለት አይደለም። ውኃ ውስጥ አንሳፍፎ ማየትም አያስተማምንም፣ ቫልቩንም ያበላሻል። የሚያዋጣው ስሌት ነው፦ ጠዋት 2፣ ማታ 2 ከሆነ በቀን 4፤ በ50 ቀን ያልቃል። ቆጣሪ ከሌለው የጀመሩበትን ቀን በላዩ ይጻፉ። በሳምንት አንዴ ጣሳውን አውጥተው ፕላስቲኩን ብቻ ለብ ባለ ውኃ ያጥቡ፤ ያድርቁ።

ጾም

በረመዳን የየቀኑን ፓፍ ከፍጥርና ከሱሁር ጋር ማድረግ ይቻላል፤ ፕሬድኒሶሎንም በሱሁር ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ እንዳይወስድ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ፓፍ ጾም ያፈርሳል አያፈርስም የሚለው በሃይማኖት አዋቂዎች ዘንድ የተለያየ መልስ አለው፤ መታፈን ሲመጣ ግን ማስታገሻውን እስከ ፍጥር ማቆየት ሕይወት ያሳጣል።

አስም ያለበት ሰው ሊጠነቀቃቸው የሚገቡ ሌሎች መድኃኒቶች

ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል፣ ለዓይን ግፊት የሚሰጠው ቲሞሎል ጠብታ ጭምር፣ ሳልቡታሞል የሚከፍተውን በር ይዘጋል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አንዳንድ ታማሚ ላይ ከባድ መታፈን ያመጣሉ፤ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። ሞንቴሉካስት የተባለውን የአስም ክኒን የጀመረ ልጅ ቅዠት ወይም የጠባይ ለውጥ ካሳየ ሐኪሙ ይወቅ።

ሲያፍን

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አይተኙ። አንገት ላይ የጠበቀውን ሻሽና ልብስ ያላሉ፣ ከጭሱ ይውጡ።
2. በስፔሰር ሳልቡታሞል ከ4 እስከ 10 ፓፍ፣ አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ ከ4 እስከ 6 ትንፋሽ። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 2 ፓፍ፣ ከበድ ካለ እስከ 6።
3. በየ20 ደቂቃው ይድገሙ፤ እስከ አንድ ሰዓት።
4. ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ካልቀለለ፣ ወይም ቀልሎ 4 ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሰ፣ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከተደናገረ ወይም ካንቀላፋ፣ የልጅ የጎድን አጥንት ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲር ሲር ይል የነበረው ደረት በድንገት ጸጥ ካለ አንድ ሰዓት አይጠበቅም። ጸጥታው የመሻል ምልክት አይደለም፤ አየር ጨርሶ አልገባም ማለት ነው። በተገኘው ባጃጅ ድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ይውሰዱት፤ በመንገድም ፓፉን አያቁሙ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፣ ቴኦፊሊን ካለበትም መጀመሪያ ያንን ይናገሩ፤ በዚያ ላይ አሚኖፊሊን በደም ሥር ከተሰጠው መመረዝ ይከተላል።